የሸለቆዎቹ እንጀራ

በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች በየከሰል ጉድጓዱ አፍ ላይ የመብራት ክፍል የሚሉት ቤት ነበር። ቆፋሪው ማለዳ ወደዚያ ይገባና ቁጥር የተቀረጸበትን የናስ ቁራጭ ሰጥቶ የተለኮሰ ፋኖሱን ይቀበላል። ማታ ፋኖሱን ይመልስና ናሱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈረቃው አልቆ ምስማር ላይ የቀረ ናስ ካለ ባለቤቱ ገና ከምድር በታች ነው። ማን እንደቀረ ለማወቅ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ማየት ይበቃል።

ሰው ከምድር በታች የሚቀርበት ቀን ደግሞ ለሸለቆዎቹ እንግዳ አልነበረም። ኦክቶበር 14 ቀን 1913 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) ሴንጌኒዝ በምትባል መንደር 950 ያህል ሰው ለጠዋቱ ፈረቃ ወረደ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ የተጠራቀመ ጋዝ ተቀጣጠለ፤ እሳቱ የከሰሉን አቧራ እያስነሣና እያቃጠለ ከዋሻ ዋሻ ሮጠ። 439 ቆፋሪዎችና አንድ ነፍስ አዳኝ ሞቱ። ያው ጉድጓድ ከ12 ዓመት በፊት ፈንድቶ ከ80 ሰው በላይ ፈጅቶ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት ሥራ አስኪያጁን 24 ፓውንድ፣ ኩባንያውን 10 ፓውንድ ቀጣ። አንድ የአካባቢው ጋዜጣ የሥራ አስኪያጁን ቅጣት ለሟቾቹ ሲያካፍለው የአንድ ቆፋሪ ነፍስ አንድ ሺሊንግ ከአንድ ፔኒ ገደማ ወጣላት።

ሰዉ ግን በማግሥቱም ወረደ። ምን ያድርግ? በዚያ ዓመት፣ አጤ ምኒልክ ባረፉበት በ1913፣ ከደቡብ ዌልስ ከ56 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ወጥቷል። 232 ሺህ ሰው እንጀራውን ከጉድጓድ ያወጣ ነበር። የዌልስ ከሰል ጭሱ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከሌላው ሁሉ ይመርጠው ነበር። ከካርዲፍና ከባሪ ወደቦች እየተጫነ ዓለምን ያዳርሳል። ለእኛ ደጅ በሆነችው በአደን ወደብም ተከምሮ በቀይ ባሕር የሚያልፉ መርከቦች ይቀለቡት ነበር። በእነዚያ መርከቦች ሆድ ውስጥ እሳት ሲቆሰቁሱ ከነበሩት መካከል ሶማሌዎች ነበሩበት፤ ብዙዎቹ በካርዲፍ ታይገር ቤይ ሰፈር ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው ቀርተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ።

የመጀመሪያው ምት የተሰነዘረው ታዲያ ከሰሉ ገና በክብሩ ሳለ ነው፣ ያውም ከለንደን ቢሮ። ዊንስተን ቸርችል በ1911 የባሕር ኃይሉ ሹም ሆኑና የጦር መርከቦቹን ከከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ማዞር ያዙ። ምክንያታቸው አሳማኝ ነበር። ዘይት መርከብን ያፈጥናል፣ ጭሱ ከሩቅ አያጋልጥም፣ አካፋ የሚይዝ መቶ ጎልማሳ አይፈልግም። እንግሊዝ ግን ከሰል እንጂ ዘይት አልነበራትም። ስለዚህ መንግሥት በ1914 በፋርስ ዘይት የሚያወጣውን የአንግሎ ፐርሺያን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ገዛ። በሮንዳ ሸለቆ ለሚኖር ቆፋሪ ፋርስ የመጽሐፍ ቅዱስ አገር ናት፤ እንጀራው ላይ እጇ ይገባል ብሎ ማን ያስባል?

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምቱን ለጊዜው ሸፈነው። በ1920 የሸለቆዎቹ ቆፋሪ ቁጥር 271 ሺህ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልደረሰበትም። ጀርመን የጦር ካሳዋን በከሰል እንድትከፍል ተፈርዶባት የዌልስ ገበያ የነበሩትን ፈረንሳይንና ጣሊያንን አጠገበች። በ1925 ደግሞ ያው ቸርችል፣ አሁን የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው፣ ፓውንዱን ወደ ቀድሞ የወርቅ ዋጋው መለሱትና የእንግሊዝ ዕቃ ሁሉ በውጭ ገበያ ተወደደ። ባለ ጉድጓዶቹ ኪሳራውን በሠራተኛው ላይ ጫኑ፤ ደሞዝ ይቀነስ፣ ሰዓት ይጨመር አሉ። በሜይ 1926 በአገሩ ሁሉ የሌላ ሙያ ሠራተኛም ለቆፋሪዎቹ ብሎ ሥራ አቆመ፣ በዘጠነኛው ቀን ግን ተመለሰ። ቆፋሪዎቹ ብቻቸውን ሰባት ወር ያህል ገፍተው ክረምት ሲገባ በዝቅተኛ ደሞዝና በረዘመ ሰዓት ወረዱ።

ከዚያ ስደቱ ሆነ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ከ400 ሺህ በላይ ሰው ዌልስን ለቀቀ፤ ወደ ኦክስፎርድ መኪና ፋብሪካ፣ ወደ ስላው፣ ወደ ለንደን። የቀረው ከሥራ ፈላጊ ሰልፍ ላይ ቆመ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ዘመን ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። የዕቃው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ዘይትና ከሰል ግን የሉበትም። ጣሊያን የረባ ከሰል የሌላት፣ ባቡሯንና ፋብሪካዋን ከውጭ በሚገባ ከሰል የምታንቀሳቅስ አገር ነበረች፤ የረጅም ጊዜ ሻጯ ደግሞ እንግሊዝ። ማዕቀቡ ወንፊት ነው ሲባል የሰማን ሁሉ አንዱ ቀዳዳ ይኼ እንደነበር ልብ አንልም።

በኖቬምበር 1936 ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ሸለቆዎቹን ሊጎበኙ መጡ። ዳውላይስ ላይ በተዘጋ የብረት ፋብሪካ ፍርስራሽ መካከል የተሰበሰቡ ሥራ ያጡ ሰዎችን ሲያዩ፣ አንድ ነገር መደረግ አለበት አሉ። ንግግራቸው በአገሩ ሁሉ ተወራ። ወር ሳይሞላቸው፣ ለሚወዷት ሴት ሲሉ፣ ዙፋናቸውን ለቀቁ።

የተደረገው ነገር የመጣው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ጉድጓዶቹ ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። በየደጁ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ይህ ጉድጓድ ከእንግዲህ በብሔራዊ የከሰል ቦርድ በሕዝብ ስም የሚተዳደር ነው የሚል ሰሌዳ ተተከለ። በብሪታንያ 700 ሺህ ያህል፣ በደቡብ ዌልስ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ቆፋሪ ነበር። በዓመቱ ከትሬዴጋር የወጣው፣ በ13 ዓመቱ ጉድጓድ የወረደው አናይሪን ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሆኖ ለአገሩ ሁሉ ነፃ ሕክምና አቋቋመ። አርአያው የትሬዴጋር ሠራተኞች ከደሞዛቸው እያዋጡ ሐኪም የሚቀጥሩበት ዕድር መሰል ማኅበር ነበር። እንግሊዞች ዛሬ ከምንም በላይ የሚኮሩበት ሕክምና ሥሩ የከሰል ሠራተኞች መዋጮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዘይቱ ግን መምጣቱን አላቆመም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጣው ነዳጅ ረክሶ፣ ፋብሪካውም ባቡሩም ከከሰል ይሸሽ ጀመር። በ1952 የለንደን ጭስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገደለ በኋላ የወጣው ሕግም ከየሳሎኑ የከሰል ምድጃ እንዲጠፋ ገፋፋ። ኦገስት 1968 ላይ የእንግሊዝ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ባቡር አሳረፈ። በዚህ ሁሉ መሐል የብሔራዊ ከሰል ቦርዱ ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ፣ በኋላ ትንሽ ነገር ውብ ናት በሚል መጽሐፉ ስሙ የገነነው ሹማኸር፣ ርካሽ ዘይት ለዘላለም ርካሽ አይሆንም፣ ጉድጓድ አንዴ ከተዘጋ ውሃ ይሞላዋልና ተመልሶ አይከፈትም ብሎ ይጮኽ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

ሰዎች ጉድጓድ የዘጋችው ወግ አጥባቂዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ናት ይላሉ። በቁጥር ከተሄደ ከእሷ ይልቅ በ1960ዎቹ የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን የዘጋቸው ይበዛሉ። በብሪታንያ በ1947 የነበረው 700 ሺህ ቆፋሪ በ1970 ከ300 ሺህ በታች ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ያን ያህል ጩኸት አልተሰማም? ምክንያቱ ብዙም ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹ ጉድጓድ የተዘጋበት ሰው አጠገቡ ወዳለው ጉድጓድ ይዛወራል፣ አለዚያ አዲስ ፋብሪካ ይቀጥረዋል። ወጣቶቹ ጭራሽ ደስ ብሏቸው ነው የወጡት፤ የአባታቸውን ሳል ሌሊቱን ሙሉ ሲሰሙ አድገዋላ።

ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ አበርቫን በምትባል መንደር ልጆች ክፍላቸው ገብተው ነበር። ከበላያቸው ተራራው ላይ ከጉድጓድ የወጣ ድንጋይና አፈር ለዓመታት ተከምሯል፤ ሰባተኛው ክምር የተቆለለው ምንጭ ላይ ነበር። ዝናቡ ሲበዛ ክምሩ ረጠበ፣ ለቀቀ፣ እንደ ጭቃ ጎርፍ ወርዶ ትምህርት ቤቱን ደፈነው። 116 ልጆችና 28 አዋቂዎች ሞቱ። አባቶቹ ከጉድጓድ ወጥተው፣ በለመዱት አካፋ፣ የገዛ ልጆቻቸውን ቆፈሩ። ይህ ሳያንስ የቀሩትን ክምሮች ለማንሣት የከሰል ቦርዱ ወጪውን ሁሉ አልችልም አለና ሕዝብ ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው ገንዘብ 150 ሺህ ፓውንድ ተወሰደ። የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት ሌላ ጨመረበት።

ከዚያ የሹማኸር ትንቢት ደረሰ። በ1973 ዓረቦቹ ዘይት ሲከለክሉ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ፤ ከሰል እንደገና ሞገስ አገኘ። ቆፋሪዎቹም ቀድሞ በ1972፣ ኋላም በ1974 ሥራ አቁመው ሁለቴም አሸነፉ። በሁለተኛው ጊዜ አገሩ መብራት ለመቆጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሲሠራ ከረመ፤ መንግሥትም ወደቀ። የተሸነፉት ወግ አጥባቂዎች ያን ቂም አልረሱትም። ተመልሰው ሥልጣን ሲይዙ ታቸር በየኃይል ማመንጫው ከሰል አስከመሩ፣ ዘይት የሚያቃጥሉትንም ጣቢያዎች ለክፉ ቀን አሰናዱ።

በማርች 1984 የከሰል ቦርዱ 20 ጉድጓዶችን ዘግቶ 20 ሺህ ሥራ እንደሚቀንስ አስታወቀ። የደቡብ ዌልስ ቆፋሪ መጀመሪያ ላይ ለአድማው ልቡ አልተነሣም፤ አብዛኞቹ የጉድጓድ ማኅበራት አንወጣም ብለው ድምፅ ሰጥተው ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እየለመነ፣ እየተቆጣም ሁሉም ወጣ። ከወጡ በኋላ እንደ እነሱ የጸና አልነበረም። ሃያ ሺህ ያህል ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ። ሚስቶቻቸው በየአዳራሹ ወጥ ቤት ከፈቱ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ የታሸገ ባቄላ በላስቲክ እየቋጠሩ በየቤቱ አደሉ። እስከዚያ ቀን ስብሰባ ላይ አፍ ከፍተው የማያውቁ ሴቶች ለንደንና ፓሪስ ሄደው ሺህ ሰው ፊት ተናገሩ።

የዚያን ዓመት የማታ ዜና በየቀኑ አድማው ነበር፤ ፖሊስ በፈረስ፣ ድንጋይ ውርወራ። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ግን ቢቢሲ ሌላ ነገር አሳየ። ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን። ዓለም ስለ እኛ ረሃብ አፉን ይዞ የቀረበት ምሽት ነው። ያን ምሽት የሸለቆው ቤተሰብም በምጽዋት ድንች እየኖረ ያንኑ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ሁለቱን ላወዳድር አይደለም፤ የኮረምን ያየ ሰው አያወዳድርም። ግን ስለዚያ ዓመት ያነበብኩት ሁሉ ሁለቱን በሁለት ዓምድ ለያይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ በአንድ ስክሪን እንደታዩ መጥቀስ ወደድኩ።

ኖቬምበር 30 ላይ ሁለት አድማ መቺዎች አድማ ሰባሪ ቆፋሪ ጭኖ በሚያልፍ ታክሲ ላይ ከድልድይ የሲሚንቶ ብሎክ ለቀቁ። የሞተው ሹፌሩ ነበር። እሱ ከጉድጓዱም ከአድማውም ነገር አልነበረውም፤ ሥራው ሰው ማድረስ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ሰው ልቡ ሸፈተ።

ማርች 5 ቀን 1985 የማርዲ ቆፋሪዎች ገና ሳይነጋ ባንዲራቸውን ይዘው፣ ሙዚቀኛ አስቀድመው፣ ሴቶቹ አጅበዋቸው ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ። ከማርዲ አንድም ሰው አድማ አልሰበረም። ምንም ሳያገኙ ነው የተመለሱት። ማርዲ፣ የሮንዳ ሸለቆዎች የመጨረሻው ጉድጓድ፣ በዲሴምበር 1990 ተዘጋ።

የመጨረሻውን ጉልበት የሰበረው የሰሜን ባሕር ጋዝ ነው። መብራት ኃይል በ1990 ወደ ግል ሲዞር አዲሶቹ ባለቤቶች ፈጥኖ የሚሠራ፣ ጥቂት ሰው የሚፈልግ የጋዝ ማመንጫ ይተክሉ ጀመር። በኦክቶበር 1992 መንግሥት ከቀሩት 50 ጉድጓዶች 31ዱን እዘጋለሁ ሲል ድሮ ቆፋሪን የሚሳደቡት ሳይቀሩ ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። የውሳኔው አፈጻጸም ቢዘገይም መዘጋቱ አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ነው። በአፕሪል 1994 ከሄርዋን መንደር አጠገብ ያለው ታወር የተባለ ጉድጓድ አያዋጣም ተብሎ ተዘጋ። የማኅበሩ ጸሐፊ ታይሮን ኦሱሊቫን፣ አባቱ እዚያው ከምድር በታች የሞቱበት ሰው፣ ጉድጓዱን እኛው እንግዛው አለ። 239 ሰዎች ከመሰናበቻ ካሳቸው እያንዳንዳቸው 8 ሺህ ፓውንድ አዋጡ። ይህ ገንዘብ ለብዙዎቹ የቤት ዕዳ መክፈያ፣ የልጅ መዳሪያ ነበር። በጃንዋሪ 1995 ባንዲራና ሙዚቃ ይዘው እንደ ባለቤት ተመልሰው ገቡ። አያዋጣም የተባለው ጉድጓድ 13 ዓመት አተረፈ። ከሰሉን የባሕር ዳርቻው የአበርታው ኃይል ማመንጫ ይገዛው ነበር። በጃንዋሪ 2008 ሲዘጋም ከስሮ አይደለም፤ ሊቆፈር የሚችለው ከሰል ስላለቀ ነው።

ታወር የከሰል ዘመን ይመለሳል ማለቱ አልነበረም። ዋጋው ሒሳቡን እንደሚሠራው ሰው ይለያያል፣ ያ ብቻ። ለመንግሥት የከሰል ድርጅት ኪሳራ የነበረው ለ239ኙ ትርፍ ሆነ፤ ሥራ የፈታ ቆፋሪ በድጎማ ሲኖር፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ልጁ ሲሰደድ ያለው ወጪ በድርጅቱ መዝገብ አይጻፍማ። ጀርመኖች ይህን ወጪ መዝገብ ላይ ጻፉት። በሩር ሸለቆ በ1968 ኩባንያዎቹን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስበው፣ ሽማግሌውን በጡረታ፣ ወጣቱን በሥልጠና እያሸኙ ሃምሳ ዓመት ፈጅተው ዘጉ። ዲሴምበር 21 ቀን 2018 ቦትሮፕ ላይ የመጨረሻዋን የከሰል ቁራጭ ቆፋሪዎቹ ለፕሬዚዳንታቸው አስረከቡ። ግብር ከፋዩን ያስወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው፤ ይህንም መካድ አይቻልም።

ነፋሱ በዚህ ሁሉ የት ነበር? ዛሬ ከሰል ቆፋሪን ከሥራ ያስወጣው ነፋስና ፀሐይ ነው የሚሉ አሉ። በዌልስ ግን ነፋሱ የደረሰው ለቀብሩ ነው። በ2012 የብሪታንያ መብራት 40 በመቶ ያህሉ አሁንም ከከሰል ነበር፣ አብዛኛው ግን ከውጭ በመርከብ የገባ። ከ2013 ጀምሮ መንግሥት በጭሱ ላይ ቀረጥ ሲጥል በከሰል ማመንጨት እየተወደደ ሄደ። አፕሪል 21 ቀን 2017 ከ1882 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩ ያለ ከሰል አንድ ቀን ሙሉ አሳለፈ። በዚያው ዓመት ከታወር በላይ ባለው ተራራ የፔን ኧ ከሞይዝ 76 የነፋስ ተርባይኖች ሥራ ጀመሩ። አበርታው በ2019 መጨረሻ ማመንጨት አቆመ።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ሁለት እሳት በአንድ ቀን ጠፋ። በእንግሊዝ መሐል አገር ራትክሊፍ ላይ የመጨረሻው የከሰል መብራት ማመንጫ፣ በደቡብ ዌልስ ደግሞ የፖርት ታልቦት የመጨረሻው በከሰል የሚነድ የብረት ማቅለጫ። ፖርት ታልቦት ላይ ሥራቸውን ያጡት በሺህ ይቆጠራሉ። በምትኩ የሚተከለው በመብራት የሚሠራ ምድጃ የሚፈልገው ሰው ከቀድሞው ያነሰ ነው።

ታወር ላይ አሁን ጎብኚዎች ከፍለው በሽቦ ተንጠልጥለው ተራራውን ይወርዳሉ። ክምሮቹ ግን በየሸለቆው አሉ፤ በዌልስ የተተዉት ከ2,500 በላይ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2020 ታይለርስታውን ላይ አንዱ ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። በኖቬምበር 2024 ኩምቲለሪ ላይ ሌላው ወርዶ ሰዎች ሌሊት ከቤታቸው ወጡ። አደገኛ ተብለው የተመደቡትን ክምሮች ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው ይዞሯቸዋል። ቦዩ ተደፍኖ እንደሆነ፣ አፈሩ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ውሃ ከየት እንደሚፈልቅ አይተው ይመዘግባሉ። ሲዘንብ ደግሞ ይመለሳሉ።